ግድግዳው ላይ የቀረው ሽቦ

ባለፈው ሰሞን ዓይኔን ልታይ ወደ ባሕር ዳር ስሄድ ሞጣ ላይ ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠብቁ ተባልን። ረዳቱ "አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ" እያለ አንድ ሰዓት እንደሚያስቀምጠን ስለማውቅ፣ ጢሜን ልላጭ ብዬ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው ሰፈር ገባሁ። ፀጉር ቤቱ ፊት ለፊቱ ብቻ በመስታወትና በቀለም የተሽሞነሞነ አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። ወጣቱ ነጩን ጨርቅ አንገቴ ላይ አሰረና ማሽኑን ሰካው። ትንሽ እንደሠራ አንድ ሽታ መጣ። የሞቀ አሮጌ ጎማ ሽታ፣ ከጭቃ አቧራ ጋር የተቀላቀለ። ሌላ ሰው ላይለየው ይችላል። እኔ ግን በዚህ ሽታ ሠላሳ ዓመት እንጀራ በልቻለሁ።

"ልጄ፣ ንቀለው" አልኩት።

"ምነው አባባ፣ ቆረጥኩዎት እንዴ?"

"አልቆረጥከኝም። ሶኬቱን ንቀለው፤ ውስጥ ውስጡን እየነደደ ነው።"

ሳቀ። "ኧረ አያስቡ! ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ቤቱን ከተከራየሁት ሦስት ዓመቴ ነው፤ ምንም ሆኖ አያውቅም።"

ምንም ሆኖ አያውቅም። እኔ በዚህ ዓለም ላይ እንደዚህ ቃል የምፈራው ነገር የለም። ጨርቁን ከአንገቴ ፈትቼ፣ የሚገባውን ከፍዬ፣ በግማሽ የተላጨ ጢሜን በእጄ ሸፍኜ ወጣሁ። ልጁ ያበደ ሽማግሌ መስዬው ይሆናል። መንገዱን ተሻግሬ ቆምኩ። ዛሬ የሞባይል ቀፎና ቻርጀር የሚሸጥበት የብሎኬት ሱቅ የቆመበት ቦታ ድሮ የእትዬ አንጓች ቤት ነበር። እዚያ ቦታ ቆሜ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። ሚኒባሱ እኔን ትቶ ሄደ።

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ፤ ሥራዬም የቤት ውስጥ መብራት ዝርጋታ ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ አስማረ ናቸው፣ የእትዬ አንጓች ታላቅ ወንድም። በጄኔሬተሩ ዘመን በቢቸና ግድግዳዎች ላይ የተዘረጋው ሽቦ አብዛኛው የእሳቸው እጅ ነው። ያን ጊዜ ጄኔሬተሩ ሲመሽ ይነሳና፣ ሊጠፋ ሲል ሦስት ጊዜ ድርግም ድርግም ብሎ ያስጠነቅቃል። በዚያች ድርግምታ መሀል ሰው እራቱን ያጋምሳል፣ አልጋውን ያነጥፋል፣ የተኳረፈም ይታረቃል። ባለ አርባ ሻማ አምፖል ከተገዛ ሰፈሩ "ምነው፣ ሰርግ አለ እንዴ?" ይላል፤ ባለ ሃያ አምስቱ ለጨዋ ቤት ይበቃ ነበርና። ጋሽ አስማረ በልጅነታቸው ዲማ ቅኔ ቤት ገብተው የተመሰገኑ ተማሪ ነበሩ ይባላል። "ቅኔውን ጥሎ ሽቦ ያዘ" ተብለው ታምተዋል። እሳቸው ግን ሐሜቱን ከቁብ አልቆጠሩትም። የተተኮሰ ካኪ ቱታ፣ ከውስጡ አንገቱ ድረስ የተቆለፈ ነጭ ሸሚዝ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ፔንሳና ካቻቢቴ፤ በዋናው መንገድ ሲያልፉ የባንክ ሠራተኛ እንኳ ቀድሞ ባርኔጣውን ያነሳላቸው ነበር።

የሚዘረጉት ሽቦ የዛሬው ዓይነት አልነበረም። በጨርቅ የተሸፈነ፣ እንደ ሹሩባ የተገመደ፣ በትንንሽ ነጫጭ ሸክላዎች ላይ እየታሰረ ግድግዳ ለግድግዳ የሚሄድ ነው። ማብሪያው ቡናማ ክብ ሆኖ እንደ ጠርሙስ ክዳን ይዞራል፤ ሲዞር "ቀጭ" ይላል። ያቺ ቀጭታ እንዴት ትናፍቀኛለች! የዛሬው ማብሪያ በራ አልበራ ድምፅ የለውም። ጋሽ አስማረ ሽቦ ከመዘርጋታቸው በፊት በከሰል የተነከረ ክር ግድግዳው ላይ ወጥረው ይለቁታል፤ ክሩ መስመሩን ያትማል። ከዚያች መስመር ጣት ታህል ብወጣ አስነቅለው እንደገና ያስመቱኝ ነበር። "ቤቱ ሊጣመም ይችላል፣ ባለቤቱም ሊጣመም ይችላል፤ ሽቦ ግን አይጣመምም" ይሉኝ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚመኩበት አንድ ጥቅል ሽቦ ነበር። ከባሕር ማዶ መጣ ከተባለ ዕቃ መርጠው የገዙት ነው። ግማሹን ቢቸና የራሳቸው ቤት ላይ ዘረጉት፣ ግማሹን ሞጣ ወስደው ለእህታቸው ቤት። በዚያው ወር፣ በአንድ እጅ፣ ከአንድ ጥቅል።

መንግሥት ሄዶ መንግሥት መጣ። ዋናው መስመር ደርሶ ቀን ከሌት መብራት ሆነ፤ ሆነ ስል እንግዲህ ሲገኝ ማለቴ ነው። ከመብራቱ ጋር ዕቃው መጣ። መጀመሪያ ካውያ፣ ቀጥሎ ጥቅል ሽቦ የተጋደመበት የሸክላ ምድጃ፣ ቴፕ፣ ቴሌቪዥን፣ ላለው ደግሞ ፍሪጅ። የቴፕ ቤቶች ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገድ አዙረው ሲለቁት ከአውቶቡስ ተራ እስከ ጊዮርጊስ መታጠፊያ ድረስ አንዱን ዘፈን ሳትጨርስ ሌላው ይቀበልሃል። ሴቶቹ ፀጉራቸውን በካስክ እያደረቁ ለጥምቀት ይወጣሉ። ይህ ሁሉ የሚሰካው ግን ለአንድ ባለ ሃያ አምስት ሻማ አምፖል በተዘረጋ ሽቦ ላይ ነበር። ፊውዝ ሲቃጠል ሰው ከሽቦ አንድ ክር መዝዞ ያስርበታል፤ ክሩም ሲቃጠል ሦስት ክር ያስርበታል፤ ከዚያ በኋላ አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው ቤቱ ነው። ደግሞ በእኛ አገር ቆጣሪ ያለው ሰው ለሌለው ጎረቤቱ መስመር ይሰጣል። እሳት ልጫር ብሎ የመጣን ማን ይመልሳል? መብራትም እንደዚያው ነበር። አንዱ ቆጣሪ ሦስት ቤት፣ አንዳንዴም አምስት ቤት ያበራል። የእኔ ሥራ እነዚያን አሮጌ ሽቦዎች እያወረዱ በአዲስ መተካት ሆነ። የመምህሬን የእጅ ሥራ እያፈረስኩ ልጆቼን አሳደግሁ ብል ሐሰት አይሆንም። በየቤቱ ሳወርድ ግን ያቺን የከሰል መስመር ከሽቦው ሥር አገኛታለሁ፤ ቀጥ እንዳለች ናት።

አንድ ቀን የጋሽ አስማረ ባለቤት እትዬ የሻረግ ገበያ ላይ እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

"ይበልጣል፣ ልጄ፣ ግድግዳችን ይሸተኛል።"

"ምን ምን ይላል?"

"የተቃጠለ ላስቲክ። ለጋሽህ ብነግረው 'አፍንጫሽን ታከሚ' አለኝ። እስቲ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ብቅ በል።"

ጋሽ አስማረ ያን ጊዜ ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለዩም። ቤታቸው ውስጥ የሚመሩት ሽቦውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ነበር፤ ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ወንበራቸው። ሄጄ አየሁት። ከላይ ደህና ይመስላል። ከአቡጀዴው ኮርኒስ በላይ ያለውን ስነካው ግን ጎማው እንደ በሶ ዱቄት ሆኖ ጣቴ ላይ ረገፈ፤ ውስጡ እርቃኑን የቀረ መዳብ ነበር። ለእትዬ የሻረግ ይህ ቤት እስከ ዛሬ የቆመው በአምላክ ቸርነት ነው አልኳቸው።

"ታዲያ ንገረዋ!"

"እኔ? እኔ ነኝ ለእሳቸው ስለ ሽቦ የምነግራቸው?"

"እኔ ብነግረው አልሰማኝ። አንተ ካልነገርከው ማን ይንገረው?" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለአስተርእዮ ማርያም ከማኅበሩ ጋር መርጡለ ማርያም ይሄዳል። ሦስት ቀን ያድራል።"

ሁለታችንም የቀረውን አልተናገርነውም፤ ተግባብተናል። በእነዚያ ሦስት ቀናት የሠራሁትን ያህል ጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ በዕድሜዬ የለም። አዲሱን ወፍራም ሽቦ በፕላስቲክ ቱቦ ከትቼ ከኮርኒሱ በላይ አሳለፍኩት፤ ንዝረቱን ወደ መሬት የሚያወርደውን ሦስተኛ ሽቦ ጨመርኩ፤ ከብፌው ጀርባ አወረድኩት፤ በሩ ጀርባ ብሬከር ተከልኩ። ያን ቀጭ የሚለውን ክብ ማብሪያ ለድምፁ ስል ከቦታው አላነሳሁትም፤ ከሥሩ ግን አዲስ ገጠምኩለት። የጋሽ አስማረን አሮጌ ሽቦ ከሁለቱም ጫፍ አላቅቄ፣ ሬሳውን እንዳለ ግድግዳው ላይ ተውኩት። እንዳይከፋቸው ብዬ ነው። ሰው በሸመገለበት ዕድሜ፣ ዓይኑም በጠፋበት ጊዜ፣ "የሠራኸው ሁሉ ሞቷል" ይባላል? እትዬ የሻረግ አቧራውን ጠርገው ሲጨርሱ ግንባሬን ሳሙኝ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚለውን ተረት ያን ቀን ከሁለታችን አንዳችን እንኳ አላስታወስነውም።

ጋሽ አስማረ ከመርጡለ ማርያም ተመልሰው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳለፉ፤ ሽቦው አለ፤ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ በዚያ ሽቦ መኩራራታቸው ባሰ። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ንካው! አትፍራ፣ ንካው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ነዝሮ አያውቅም" ይላሉ። እንዴት ይነዝራል? ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ይነካና "ጉድ ነው! የድሮ ሰው ሥራ!" ይላል። እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ ጠላዬን እየጠጣሁ አብሬ አደንቃለሁ። ዛሬ ሳስበው አንድ ከተማ ሙሉ ሰው ለአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ደስታ ሲል መዋሸቱ ፍቅር ነበር እላለሁ። ፍቅር መሆኑን አልክድም። ምን ያደርጋል።

ፋሲካ እንዳለፈ ለሥራ ሞጣ ሄድኩ። ያን ጊዜ ከቢቸና ሞጣ የሚወስደው መንገድ ጠጠር ነበር፤ ከአውቶቡስ ስትወርድ ቅንድብህ ሳይቀር አመድ ይመስላል። እትዬ አንጓች ቤት ሳልገባ ማለፍ ነውር ነው። ባላቸውን ቀብረው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ፊታቸው ክብ፣ ሳቃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሴት ነበሩ። ጥጥና ድር ይነግዳሉ፤ ከጓዳ እስከ ኮርኒስ የተጠቀለለ ጥጥ የተደረደረበት ቤት ነው። "ና ግባ የወንድሜ ልጅ!" ብለው ፊቴን የምታጠብበት ውኃ ሰጡኝ። ቀና ብዬ ኮርኒሱን አየሁ። አቡጀዴው አንድ ቦታ ላይ ቡናማ ሆኗል፣ ካውያ እንደተረሳበት ጨርቅ። ከእሳቸው ቆጣሪ ሁለት ጎረቤት መስመር ወስዷል፤ አንደኛው በማሽን የሚሰፋው አቶ ሰዒድ ነው፣ ሌላዋ ምድጃ የምትጠቀም ሴት። ወንበር ላይ ወጥቼ ፈተሽኩና በቀጥታ ነገርኳቸው፤ ይህ ሽቦ ዛሬ ነገ ሳይባል መውረድ አለበት፣ ጥጥ ባለበት ቤት እንደዚህ አይታደርም አልኳቸው። እትዬ አንጓች ነገር አያንዛዙም። "ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ፤ የሚገዛውን ንገረኝ" አሉ። አዲሱን ሽቦ በሳምንቱ ገዝተው አልጋ ሥር አስቀመጡት። ለሰኔ መግቢያ ልሠራላቸው ተቀጣጠርን።

ግንቦት ላይ ጋሽ አስማረ ለዘመድ ሰርግ ሞጣ ሄዱ። በተመለሱ ማግስት ስጠይቃቸው ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ እያሳቁት ነበር።

"ይበልጣል! የእታለምን ቤት ልታፈርስ ነበር አሉ!"

"ኧረ ጋሼ፣ ትንሽ አርጅቶ..."

"ምን ያረጃል? ከአንድ ጥቅል አይደለም የወጣው? የእኔ እዚህ አለ፣ ንካው! የእኔ ደህና ከሆነ የእሷ ምን ይሆናል? ገንዘብሽን በከንቱ አትበትኚ አልኳት።" ወደ እንግዶቹ ዞሩ። "ልጅ ሥራ ሲያጣ የመምህሩን ሥራ ያፈርሳል።"

ሰዉ ሳቀ። እትዬ የሻረግ ከጓዳ በር ላይ ሆነው አዩኝ። የሚጠበቅብኝ አንድ ቃል ነበር። ዛሬ ላይ ሆኜ ያቺን ቃል በሺህ ዓይነት እላታለሁ፤ ብቻቸውን ወደ ደጅ ወስጄ እላታለሁ፣ እግራቸው ላይ ወድቄ እላታለሁ። ያን ቀን ግን ከሰዉ ጋር አብሬ ሳቅሁ።

ይህም አልበቃኝም። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ሞጣ ሄጄ እትዬ አንጓችን ብቻቸውን አገኘኋቸው። ለመንገር ወስኜ ነበር የሄድኩት፤ መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ነበር። እሳቸው ቀደሙኝ። ጥጥ እየዳመጡ ቀና ብለው፣

"ይበልጣል፣ አንድ ነገር እውነቱን ንገረኝ። የጋሼ ቤት ሽቦ በእርግጥ ደህና ነው?" አሉኝ።

ወንድማቸውን እንደ አባት ነው የሚያዩት። አባታቸው ሲሞት ያሳደጓቸው፣ የዳሯቸው፣ ቤታቸውን ያበሩላቸው እሳቸው ናቸው። ለዚህች እህት "ወንድምዎ ሳያውቁት የሞተ ሽቦ እያስነኩ ያሳቁናል" ልበል?

"እንግዲህ... ጋሽ አስማረ ደህና ነው ካሉ..." አልኩ።

"ተወው በቃ" አሉ፤ ፊታቸው በራ። "እኔማ እሳቸው ካሉ ብዬ ነው። ያንን ሽቦ ከአልጋ ሥር አውጥተህ ውሰደው፤ ለሌላ ሰው ይሁንህ።"

ወሰድኩት። ለእትዬ አንጓች ቤት የተገዛውን ሽቦ ቢቸና አምጥቼ የአንድ አስተማሪ ቤት ላይ ዘረጋሁት። ያ ቤት ዛሬም አለ፤ መብራቱም ደህና ነው።

ጥቅምት ውስጥ፣ በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። እትዬ አንጓች በራቸው ላይ ተቀምጠው ድር ይሸጣሉ። ጭሱ ከኮርኒሱ ጥግ ብቅ ሲል ገበያተኛው ጮኸ፤ እሳቸውም ወጡ። የቀረውን ቀብር ላይ የነገረን አቶ ሰዒድ ነው። ሁለት እጆቹ በጨርቅ ተጠቅልለው፣ ከሐዘንተኛው ፊት ቆሞ እንደ ልጅ እያለቀሰ ነገረን። "ወጥተው ነበር። ወላሂ ወጥተው ነበር፤ እጃቸውን ይዤ ነበር። 'ዋናውን ሳላጠፋ! ጋሼ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ ዋናውን አጥፊ ብለውኛል' ብለው ከእጄ አመለጡ። ማጥፊያው ጓዳ ነው። ሲደርሱ ኮርኒሱ ወረደ።" ተከትሎ ገብቶ አውጥቷቸዋል፤ ሐኪም ቤት አንድ ሌሊት አድረው አረፉ። መርዶውን ለጋሽ አስማረ ቢቸና ላይ ያረዱት ሽማግሎች፣ "እሳቱ ከጎረቤት ምድጃ ነው የተነሳው" ብለዋቸው ነበር። አቶ ሰዒድ ይህን አያውቅም። "ከኮርኒሱ ውስጥ፣ ከሽቦው ነው የተነሳው" ሲል ጋሽ አስማረ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ማልቀሳቸውን አቆሙ።

የእትዬ አንጓች አርባ ሳይደርስ፣ በአንድ ረፋድ እትዬ የሻረግ ራሳቸው መጥተው ጠሩኝ። ፊታቸው ገርጥቷል፤ "ና፣ ይፈልግሃል" አሉኝ። ስገባ ሬዲዮው ስለ ሰብል አሰባሰብ ያወራል። ጋሽ አስማረ ከሬዲዮው ሶኬት አጠገብ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ያ የድሮ ፔንሳቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ከሶኬቱ በላይ አሮጌው ሽቦ ለሁለት ተቆርጦ ተንጠልጥሏል።

"ይበልጣል ነህ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ሬዲዮው ይሰማሃል?"

"ይሰማኛል።"

"እኔም ይሰማኛል። ሽቦውን ከቆረጥኩት ቆየሁ። እንግዲህ ከየት ነው የሚያወራው?"

መሬት ላይ ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። "አዲሱን አስነካኝ" አሉ። እጃቸውን ይዤ ወደ ብፌው ጀርባ ወሰድኩት። ቱቦውን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት፤ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በጥፍራቸው ፈተሹ። "ቀጥ ብሎ ሄዷል" አሉ። በዕድሜዬ ካመሰገኑኝ ሁሉ እንደዚያች ቃል ያቃጠለኝ የለም። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ነጭ የሆነው ዓይናቸው ከደረቴ ላይ አረፈ።

"አንዲት ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ። ይህን የሠራኸው እኔ ሞጣ ሄጄ እታለምን ከመከልከሌ በፊት ነው፣ ወይስ በኋላ?"

እትዬ የሻረግ በሩ ላይ ቆመዋል። ጋሽ አስማረ ምን እንደሚጠይቁኝ ገባኝ። በኋላ ከሆነ፣ ያን ቀን ሽቦአቸው እውነትም ሕይወት ነበረው፤ እህታቸውን ያሳሳቱት በቅን ልብ፣ በዓይናቸው ባይሆን በእጃቸው ባረጋገጡት ነገር ነው። በፊት ከሆነ ግን እህታቸውን የገደሏት በሞተ ሽቦ ምስክርነት ነው፣ ያንን ምስክር አፋቸው ላይ ያስቀመጥኩት ደግሞ እኔ። ሽማግሌው መልሴን እየጠበቁ ነው።

"በኋላ ነው፣ ጋሼ" አልኩ።

"በኋላ ነው?"

"በኋላ ነው። በሰኔ።"

ረጅም ትንፋሽ ወጣቸው። "እንግዲያ አልዋሸኋትም" አሉ።

"አልዋሿትም።"

እትዬ የሻረግ ሽቦው የተቀየረው በጥር መሆኑን ያውቃሉ፤ ቱቦውን ያቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። እስከ በር ሸኙኝ፤ እንደ ወትሮው "እግዜር ይስጥልኝ" ሳይሉ በሩን ዘጉ።

ጋሽ አስማረ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖሩ። ስጠይቃቸው ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆቼ ትምህርት ይጠይቁኛል፤ ስለ ሽቦ አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። እንግዳ ሲመጣም "ንካው" ማለታቸው ቀረ። እኔ አምነውኛል ብዬ ነበር። ቢያንስ በሰላም ያርፋሉ፤ ሆድ ይፍጀው፣ ያለው ጭንቅ በእኔ ይለፍ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። የተቀበሩ ዕለት ድንኳኑ ሲበተን እትዬ የሻረግ ቅስማቸው ተሰብሮ ከጎኔ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ድምፃቸው ከልቅሶ ብዛት ተዘግቷል።

"ያን ቀን አንተ ከወጣህ በኋላ ልነግረው ነበር" አሉኝ። "አፌን ስከፍት እጄን ያዘኝ። 'ተይ የሻረግ' አለኝ፤ 'አውቄዋለሁ፤ በሰኔ ከቤት መች ወጣሁ? ልጁ አዝኖልኝ ነው። ይበልጣል በኋላ ነው ካለ፣ አንቺም በኋላ ነው በይ፤ ፊቱን እንዳታሳፍሪው' አለኝ።"

ለእኔ ፊት ብለው ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን እሳት ብቻቸውን ሞቁት። እኔ አዘንኩላቸው ስል፣ እሳቸው አዘኑልኝ፤ ስንተዛዘን አንዲት ሴት በመሀላችን ነደደች። ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። እሳቸው ሞተዋል፣ እትዬ የሻረግም ሞተዋል፤ ከእንግዲህ ፊቱ የሚያፍር ሰው እኔ ብቻ ነኝ። በፊት ነበር፣ ጋሼ። ከመሄድዎ በፊት ነበር።